2.05 ላይ ያለው ፒክ የኮምፓውንዴ አልነበረም፤ ከደሴ ሆኜ ጽሁፌን ያሳተምኩበት መንገድ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ደሴም ኮምቦልቻም ያላችሁ የማስተርስ ተማሪዎች በውስጥ እየጻፋችሁ "እንዴት አሳተምሽ፣ ስንት ከፈልሽ፣ የት እንላክ" ስትሉኝ ለእያንዳንዳችሁ መመለስ ስላልቻልኩ አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው ብዬ ነው። ረዥም ነው፣ ግን እኔ ስጀምር የሚነግረኝ ሰው ስላልነበረ ያለፈብኝን ሁሉ ነው የምጽፈው።

የኔ ስራ ሄትሮሳይክሊክ ኬሚስትሪ ነው፣ ማለት ቀለበቱ ውስጥ ከካርቦን ሌላ ናይትሮጅን ወይ ኦክስጅን ወይ ሰልፈር የገባበት ሞለኪውል መስራት። እናቴ ቡና አፍልታ አቦሉን እየቀዳች "አንቺ ልጅ እዛ ላብ ውስጥ ስትከርሚ ምንድነው የምትሰሪው" ስትለኝ እማ እዚ ሲኒ ውስጥ ያለው ካፌይን፣ አባባ ቆላ ወርዶ ወባ ሲይዘው የዋጠው ክሎሮኩዊን፣ አንቺ ለጨጓራሽ የምትወስጂው ኦሜፕራዞል ሁሉም እንደዚ አይነት ቀለበት አላቸው፣ እኔም ሌላ ቀለበት ሰርቼ ባክቴሪያ ይገድል እንደሆነ አያለሁ እላታለሁ። "አላህ ያግዝሽ" ብላ ቶናውን ትጥዳለች።

ዋናውን ነገር መጀመሪያ ልበለው። በኛ ዘርፍ ጽሁፍ የሚያልፈውም የሚወድቀውም በመግቢያው እንግሊዝኛ አይደለም፣ ከጽሁፉ ጋር ተያይዞ በሚሄደው የስፔክትረም ፋይል ነው፣ ማለት ኤንኤምአር የሚባለው መሳሪያ የሞለኪውሉን አሰራር በፒክ፣ በጉብታ ጉብታ፣ የሚያሳይበት ግራፍ። እኛ ደሞ ሶስት ወር መግቢያ ስንጽፍ ከርመን ያንን ፋይል በመጨረሻዋ ማታ ነው የምንገጣጥመው። እኔም የተመለስኩት እዛ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ጥፋቴ ግን ከዛም በፊት ነው። በኛ አቆጣጠር 2012 ላይ፣ ማስተርሴን ጨርሼ ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ ኢሜይል መጣልኝ፣ "የተከበሩ ተመራማሪ ስራዎን አይተን ተደስተናል" የሚል። ማንም እንደዛ ብሎኝ ስለማያውቅ ልቤ ቀለጠ፣ ከቴሲሴ አምስት ኮምፓውንድ፣ ማለት ውህድ፣ ቆርጬ ላኩላቸው። በአራተኛው ቀን "ተቀባይነት አግኝቷል" አሉኝ፣ የሪቪወር (የገምጋሚ) አስተያየት የተባለው አንድ መስመር ነው፣ ሰዋሰው ይታይ የሚል፣ በቃ። ከዛ 150 ዶላር ጠየቁ፣ ከደሞዜ ግማሹን የሚጠጋ አውጥቼ ውጪ ባለ ዘመድ በኩል አስከፈልኩ። ወጣ። ለእድገት ሳስገባው ኮሚቴው ጆርናሉ የትም አልተመዘገበም ብሎ አልቆጥርም አለኝ። ብሩን እንተወውና ከሁሉ የከፋው ምን መሰላችሁ፣ ያ ዳታ ተቃጠለ። አንዴ ታትሟል ስለሚባል ወደ ጥሩ ጆርናል ብወስደው ድርብ ህትመት ይሆናል፣ አንሱልኝ ብዬ ስጽፍላቸው ደሞ ለማንሻ ሌላ ክፍያ ጠየቁኝ። አምስት ኮምፓውንድ፣ የሁለት አመት ስራ፣ እዛው ቀረ።

ስለዚ ኢሜይል ጽፎ የሚጠራችሁን ጆርናል አትመኑት፣ እናንተ ፈልጋችሁ ሂዱ። አይኤስኤስኤን የሚባለው የመጽሔት መለያ ቁጥር አለው ማለት ጥሩ ነው ማለት አይደለም፣ ያንን ቁጥር ማንም ያገኘዋል። ድረገጹ ላይ ኢምፓክት ፋክተር ብሎ የጻፈውንም ቁጥር ትታችሁ ስኮፐስ ወይ ዌብ ኦፍ ሳይንስ የሚባሉት የጆርናል መዝገቦች ላይ መመዝገቡን ራሳችሁ ገብታችሁ እዩ፣ ማንም በነጻ የሚያነበው ኦፕን አክሰስ ከሆነ ደሞ ዲኦኤጄ የሚባለው የኦፕን አክሰስ ጆርናሎች ዝርዝር ላይ ፈልጉት። የጥሩ ጆርናል ስም ሰርቆ ድረገጽ የሚከፍትም አለ፣ ስለዚ የአሳታሚውን ድረገጽ አረጋግጣችሁ ግቡ እንጂ ጉግል መጀመሪያ ያመጣላችሁን አትጫኑ። ቲንክ ቼክ ሰብሚት የሚባል ነጻ መጠይቅ አለ፣ አስር ደቂቃ አይፈጅም፣ እኔ እሱን ባውቅ ኖሮ ያ ዳታ ዛሬ በእጄ ነበር።

ሁለተኛውን ስራ ከዜሮ ጀመርኩት። ቲዮፌን (ሰልፈር ያለበት ቀለበት) ያለው ቻልኮን የሚባል መነሻ ውህድ ሰርቼ በግላሻል፣ ማለት ውሃ በሌለው፣ አሴቲክ አሲድ ውስጥ ከሃይድራዚን ጋር ሪፍለክስ አድርጌ፣ ማለት እንፋሎቱ እየቀዘቀዘ እየተመለሰ አፍልቼ፣ ኤን አሴታይል ፓይራዞሊን የሚባል ናይትሮጅን ያለበት ቀለበት ማውጣት ነው። ቀላል ኬሚስትሪ ነው፣ ውድ ካታሊስት አይፈልግም፣ ለኛ ላብ የሚሆን ነው። ግን እዚ ጋ ደሴ ላይ ብቻ የሚገጥም ነገር ገጠመኝ። የውጪዎቹ ወረቀቶች "6 ሰዓት ሪፍለክስ" ይላሉ፣ እኔ 6 ሰዓት ላይ ቲኤልሲ፣ ሪአክሽኑ ማለቁን በነጠብጣብ የሚያሳየውን ሳህን፣ ስወስድ ከዩቪ መብራቱ ስር የመነሻው ቻልኮን ነጠብጣብ እንዳለ ቁጭ ብሏል። ሪኤጀንቱ አርጅቶ ነው ብዬ ሁለት ጊዜ ቀየርኩ። በኋላ አዲስ አበባ ያለ ታላቅ ወንድሜ የምለው ኬሚስት በስልክ "እህቴ ደሴ እኮ 2500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ቴርሞሜትር ከትተሽ አይተሻል ወይ" አለኝ። ከተትኩ። በባህር ጠለል ላይ 118 ዲግሪ የሚፈላው አሴቲክ አሲድ እኛ ጋ 108 ላይ ነው የሚፈላው። ኤታኖልም 78 መሆኑ ቀርቶ 71 አካባቢ ይፈላል፣ ውሃም 92 ገደማ። አስር ዲግሪ ሲጎድል ሪአክሽኑ በጣም ይዘገያል፣ እኔ ጋ 11 ሰዓት ፈጀ፣ ሲጨርስ ግን ንጹህ ነጠብጣብ ሆኖ ወጣ።

ይሄን ለምን አመጣሁት፣ ለህትመቱ ስለሚጠቅም ነው። ኤክስፐርመንታል ክፍላችሁ ላይ "ሪፍለክስ ተደረገ" ብላችሁ ብቻ አታልፉ፣ ፍላስኩ ውስጥ ያለውን ዲግሪ ጻፉ፣ የከተማውን ከፍታም ጨምሩበት። ሌላ አገር ያለ ሪቪወር 11 ሰዓት የሚለውን ሲያይ እነዚህ ሰዎች ምን ነካቸው እንዳይል፣ ሌላው ደግሞ መድገም እንዲችል። እኔ ያንን አንድ አረፍተ ነገር ስጨምር ሪቪወሩ ጠቃሚ መረጃ ነው ብሎ ጽፎልኛል። ሜልቲንግ ፖይንት ግን በከፍታ ምክንያት የሚለወጥ አይደለም፣ ከታተመው ጋር ካልገጠመ ሰበቡን ከጦሳ ተራራ ላይ አታድርጉት፣ ብዙ ጊዜ ኮምፓውንዱ አልጸዳም ማለት ነው።

ሰባት ኮምፓውንድ ይዤ በ2013 ጥር ላይ አንድ እውቅና ያለው ጆርናል ላይ አስገባሁ። ሁለት ወር ከምናምን ቆይቶ ሪጀክት መጣ። የመጀመሪያው ምክንያት ከሰባቱ ሶስቱ አዲስ አይደሉም የሚል ነው፣ ሌሎች ቀድመው ሰርተዋቸዋል። እኔ አዲስነቱን ያየሁት ስሙን ጉግል ላይ ጽፌ ነበር። በስም አይፈለግም፣ አንዱ ኮምፓውንድ አስር አይነት ስም ሊጻፍለት ይችላል። ሳይፋይንደር ወይ ሪአክሲስ የሚባሉት የሚከፈልባቸው የውህድ መፈለጊያዎች ያሉት ሰው ካገኛችሁ በስትራክቸር አስፈልጉ፣ ካላገኛችሁ ፐብኬም ላይ በነጻ ስትራክቸሩን ስላችሁ መፈለግ ይቻላል፣ ሁሉንም ባይዝም ከስም ፍለጋ በብዙ ይሻላል። ይሄ ከመስራታችሁ በፊት የሚደረግ ነው፣ ሰርታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ አይደለም።

ሁለተኛውን ምክንያት ቀስ ብዬ ልንገራችሁ ምክንያቱም ብዙዎቻችሁ ፋይል ላይ አሁንም እያየሁት ነው። ኮምፓውንዱ ላይ አሴታይል አለ፣ ስለዚ አንድ ሜቲል ይጠበቃል፣ ሶስት ሃይድሮጂን፣ ሲንግሌት፣ ማለት ያልተሰነጠቀ አንድ ፒክ። መጽሐፉ ከካርቦኒል ጎን ያለ ሜቲል በግራፉ መለኪያ 2.1 አካባቢ ይላል። እኔ ስፔክትረሙ ላይ 2.05 ላይ ቆንጆ ሲንግሌት አገኘሁ፣ ይሄው ሜቲሌ ብዬ 3 ኢንተግሬሽን፣ ማለት የሶስት ሃይድሮጂን ስፋት፣ ሰጠሁት። 2.4 ላይ ደሞ ሌላ ሲንግሌት ነበረ፣ እሱን ቆሻሻ ነው ብዬ ዘለልኩት። 4.12 ላይ ኳርቴት (አራት የተሰነጠቀ) 1.26 ላይ ትሪፕሌት (ሶስት የተሰነጠቀ) ነበሩ፣ እነሱንም ጠረጴዛው ውስጥ አላስገባኋቸውም። ሪቪወሩ አንድ አንቀጽ ነው የጻፈው፣ 2.05፣ 4.12 እና 1.26 በዲውትሬትድ ክሎሮፎርም ውስጥ የኤትል አሲቴት ሶስቱ ፒኮች ናቸው፣ የእናንተ አሴታይል 2.4 ላይ ያለው ነው፣ በካርቦኑ ስፔክትረምም ላይ 14፣ 21፣ 60 እና 171 ላይ ያሉት የዚሁ ሶልቨንት ናቸው፣ ደራሲዎቹ የራሳቸውን ኮምፓውንድ ከኮለም (ውህዱ ከሚጣራበት ቱቦ) ሶልቨንት ካልለዩ ሌላውን ዳታ እንዴት ልመን ብሎ ጨረሰ።

ያንን ሳነብ ፒያሳ አንድ ካፌ ውስጥ ነበርኩ፣ ላፕቶፔን ዘግቼ ብዙ ቆየሁ። ያመመኝ እውነቱን መሆኑ ነው። ኮለሙን በኤትል አሲቴትና ሄክሴን ነው ያወረድኩት፣ መብራት እየጠፋ ቫኩም ፓምፑ ስለሚቆም በደንብ ሳላደርቀው ነው ለኤንኤምአር ወደ አዲስ አበባ የላክሁት። ከዛ ወዲህ ሁሌም የማደርገው ይሄን ነው፣ ከኮለም የወጣውን ትንሽ ዳይክሎሮሜቴን ጨምሬ ሁለት ሶስት ጊዜ አተነዋለሁ፣ ከዛ መብራት ያለ ቀን ጠብቄ ቫኩም ላይ ሙሉ ሌሊት አሳድረዋለሁ፣ ቫያሉን በሚዛን እመዝናለሁ፣ በማግስቱ ደግሜ ስመዝን ክብደቱ ካልቀነሰ ነው ደረቀ የምለው። ስፔክትረሙ ሲመጣ ደሞ ከኮምፓውንዴ በፊት ሶልቨንቶቹን ነው የምፈልገው። በፈረንጆቹ 1997 ጆርናል ኦፍ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ላይ የወጣ የሶልቨንት ቆሻሻ ፒኮች ሰንጠረዥ አለ፣ አትማችሁ ጠረጴዛችሁ ላይ ለጥፉት። ክሎሮፎርም ውስጥ ውሃ 1.56 ላይ፣ ዲኤምኤስኦ የሚባለው ሌላ ሶልቨንት ውስጥ ደሞ 3.33 ላይ ይመጣል፣ እሱን ኤንኤች (ናይትሮጅን ላይ ያለ ሃይድሮጂን) ነው ብሎ የጻፈ ተማሪ በቅርቡ አይቻለሁ። በመጨረሻ ሃይድሮጂኖቹን ደምሩ። ከኮምፓውንዶቹ ቀላሉ 14 ሃይድሮጂን ነው ያለው፣ ድምራችሁ 17 ከመጣ አንድ ነገር አለ። የፓይራዞሊን መታወቂያው ደግሞ ሶስቱ ደብሌት ኦፍ ደብሌት፣ ማለት አራት ጥርስ ያላቸው ፒኮች፣ ናቸው፣ ሁለቱ በ3 እና በ4 መሃል አንዱ ከ5.5 በላይ፣ እነሱን በትልቁ አጉልታችሁ ምስሉን አስገቡ፣ ሪቪወር መጀመሪያ የሚያየው እነሱን ነው።

ናሙናዎቹን አድርቄ በዛው ክረምት እንደገና ኤንኤምአር አስነሳሁ። ጽሁፉን እያስተካከልኩ ሳለ ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ደረሰ። ሰው ሁሉ ሲወጣ ወጣን፣ እኔ ልብስና የእናቴን መድሃኒት ነው የያዝኩት። ስንመለስ ላቡ የነበረበት ሁኔታ እዚ የሚጻፍ አይደለም። ቫያሎቹ የሉም፣ የላብ ደብተሬ የለም፣ ኮምፒውተሩም የለም። በእጄ የቀረው ኢሜይሌ ላይ የነበረው ፒዲኤፍ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ከዚህ የከፋ ነው የደረሰበት፣ ስለ ቫያል ማልቀስ የሚያሳፍር ይመስለኝ ነበር፣ ግን አለቀስኩ።

ጥሬ ፋይሉ ግን ሁሉም አልጠፋም። ኤንኤምአሩን ያነሳልን ባለሙያ ጋ ስደውል የአራቱ ኮምፓውንድ ፋይል እዛ ኮምፒውተር ላይ ተገኘ፣ እግዜር ይስጠው። የተቀሩትን ሶስቱን እንደገና ሰራኋቸው፣ ሪቪወሩ አዲስ አይደሉም ባላቸው ሶስቱ ምትክ ያቀድኳቸውን ሶስት አዲሶችንም ሰራሁ። ስለዚ እባካችሁ፣ ስፔክትረም ስታስነሱ በወረቀት የታተመውን ብቻ ይዛችሁ አትምጡ፣ ጥሬውን ፎልደር እንዳለ ዚፕ አድርጋችሁ ለራሳችሁ በኢሜይል ላኩ፣ ለአድቫይዘራችሁም ላኩ፣ አንድ ፍላሽ ደግሞ ቤት አስቀምጡ። የላብ ደብተራችሁን በየሳምንቱ አርብ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ብዙ ጆርናሎች አሁን የስፔክትረሙን ምስል ግዴታ አድርገዋል፣ ጥሬ ፋይሉን የሚጠይቁም አሉ፣ በኋላ ያስገባሁበት ሁለተኛው ጆርናል እኔን ጠይቆኛል። ቶፕስፒን የሚባለው የብሩከር ሶፍትዌር ለዩኒቨርሲቲ ሰው በነጻ ፈቃድ ስለሚሰጥ የተሰረቀ ሶፍትዌር አያስፈልጋችሁም፣ ስትራክቸር ለመሳልም ኬምስኬች በነጻ አለ።

የሞለኪውሉን ክብደት በጣም በትክክል የሚለካው ኤችአርኤምኤስ ላይም አንድ ነገር ልበል። ሁለት ሁለት ሚሊግራም በትንንሽ ቫያል አድርጌ ውጪ ለዶክትሬት በሄደ ጓደኛዬ እጅ ነው የላክሁት። ቁጥሩ ሲመጣ ካሰላሁት ጋር አልገጥም አለኝ፣ 271.09 መጥቷል፣ እኔ ያሰላሁት 271.36 ነው። ለካ ያሰላሁት በተለመደው ሞለኪዩላር ዌይት ነው፣ 270.35 ላይ አንድ ሃይድሮጂን ደምሬ። የሚፈለገው ግን የሞኖአይሶቶፒኩ ማስ ነው፣ ማለት በየኤለመንቱ በብዛት ባለው አንድ አይሶቶፕ የተሰላው፣ ለፕሮቶኔትዱ (አንድ ፕሮቶን ለተጨመረበት) 271.0900። የሚፈቀደው ልዩነት ብዙ ቦታ 5 ፒፒኤም (ከሚሊዮን አምስት) ነው፣ እዚ ማስ ላይ 0.0014 ማለት ነው፣ ስለዚ አራት ዴሲማል ጻፉ። ኤችአርኤምኤስ ካልተገኘ ኤሌመንታል አናሊሲስ፣ የየኤለመንቱን ፐርሰንት መለካት፣ የሚቀበሉ አሉ፣ የካርቦን የሃይድሮጂን የናይትሮጅኑ ልዩነት 0.4 ፐርሰንት ውስጥ መሆን አለበት።

ባክቴሪያ የምትሞክሩ ከሆነ በዲስክ ዲፊውዥን ባክቴሪያው ያልበቀለበትን ክብ በሚሊሜትር ለክታችሁ ብቻ አትላኩ፣ ኤምአይሲ፣ ማለት ባክቴሪያውን የሚያቆመውን ትንሹን መጠን፣ ስሩ፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንን ኮንትሮል (ማወዳደሪያ) አድርጉ፣ የስትሬኑን ቁጥር ጻፉ፣ ለምሳሌ ኢ ኮላይ ኤቲሲሲ 25922። ዶኪንግ፣ በኮምፒውተር ውህዱን ከፕሮቲን ጋር መግጠም፣ ብቻውን ማስረጃ ነው ብሎ የሚቀበላችሁ ሪቪወር እየጠፋ ነው፣ ጥሩም ነው።

አሁን የት ይላክ ለሚለው። ገንዘብ የለኝም ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ፣ አብሽሩ። በዚሁ ዘርፍ በፈረንጆቹ 1964 የተጀመረው ጆርናል ኦፍ ሄትሮሳይክሊክ ኬሚስትሪ እና ከ1965 ጀምሮ ከላትቪያ ሪጋ የሚወጣው ኬሚስትሪ ኦፍ ሄትሮሳይክሊክ ኮምፓውንድስ አሉ፣ ሃይብሪድ የሚባሉት፣ ኦፕን አክሰስን በምርጫ ብቻ የሚያቀርቡ፣ እንደነዚህ አይነት ጆርናሎች ላይ ኦፕን አክሰስ ካልመረጣችሁ በስተቀር ደራሲ አይከፍልም፣ ፎርሙ ላይ ያቺን ምርጫ ተጠንቅቃችሁ ምረጡ። አርኪቮክ ከ2000 ጀምሮ ከደራሲም ከአንባቢም አያስከፍልም፣ የባይልሽታይኑ ጆርናል ኦፍ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪም እንደዛው፣ ግን ደረጃው ከፍ ያለ ስለሆነ ሰባት ተራ ፓይራዞሊን ይዞ መሄድ ጊዜ ማባከን ነው። የራሳችን የኢትዮጵያ ኬሚካል ሶሳይቲ ቡለቲን በፈረንጆቹ ከ1987 ጀምሮ አለ፣ ብዙ የሀገራችን ስራ የሚወጣው እዛ ነው፣ የውጪ ስም ካልሆነ የሚለውን ተዉት። ሙሉ ኦፕን አክሰስ የሆኑት ላይ ደግሞ ኢትዮጵያ ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው የአነስተኛ ገቢ አገሮች ፕሮግራም ግሩፕ ኤ ውስጥ ስላለች ብዙ አሳታሚዎች ክፍያውን ይተዋሉ፣ ግን ከማስገባታችሁ በፊት ጻፉላቸው፣ ከተቀበሉ በኋላ መጠየቅ ነገሩን ያከብደዋል።

ሁለተኛው ጆርናል ሜጀር ሪቪዥን (ብዙ ማስተካከያ) ብሎ 19 ነጥብ ላከልኝ፣ 30 ቀን ሰጥቶ። ጊዜው ነሐሴ 2015 ነው፣ የሞባይል ዳታ ተዘግቷል። ኬብል ኢንተርኔት ያለበት ቢሮ እየዞርኩ በቀን አንዳንድ ሰዓት እያገኘሁ ነበር የምሰራው። አልደርስም ስል ለኤዲተሩ ሶስት መስመር ጻፍኩ፣ ያለሁበት ክልል ኢንተርኔት ተቋርጧል ተጨማሪ 30 ቀን እፈልጋለሁ ብዬ፣ በማግስቱ እሺ አለኝ። ዝም ብሎ ቀኑን ከማሳለፍ መጠየቅ ምንም ጉዳት የለውም። መልሱን ስጽፍ እያንዳንዱን አስተያየት ገልብጬ ከስሩ ምን እንዳደረግሁ፣ በስንተኛው ገጽ እንደሆነ እየጠቀስኩ ነው። ሁለት ቦታ ላይ አልተስማማሁም፣ እዛም ላይ "እናመሰግናለን፣ ነገር ግን ካርቦኑ ላይ ያለው ቁጥር ይሄንን ስለሚያሳይ ባለበት ትተነዋል" አልኩ፣ ዳታውን አስቀምጬ። አንዱን ተቀበለኝ፣ ሌላውን እንደገና አስረዳኝና ገባኝ።

ስም ነገር ደግሞ አትርሱ፣ ወሎ ላይ በተለይ። ሙሐመድ የሚለውን ስም በላቲን አንዱ ጽሁፍ ላይ በአንድ ኤም ሌላው ላይ በሁለት ኤም ከጻፋችሁት ሁለት የተለያየ ሰው ሆናችሁ ነው የምትመዘገቡት። የእኔም የአባቴ ስም እንደዛው ሆኖብኝ ነበር። አንድ አጻጻፍ ምረጡ፣ ኦርኪድ የሚባለውን የተመራማሪ መለያ ቁጥር በነጻ አውጡ፣ ከዛ አትቀይሩት። የደራሲ ቅደም ተከተሉንም ስራው ሳይጀመር ከአድቫይዘራችሁ ጋር ተነጋግራችሁ በኢሜይል አስቀምጡት፣ ይሄ ነገር ጥሩ ወዳጆችን ሲያጣላ አይቻለሁ።

በ2016 ህዳር ላይ ተቀበሉት። ፕሩፍ የሚባለው የመጨረሻው ገጽ ሲመጣ 48 ሰዓት ብቻ ነው የሚሰጡት፣ እኔ አትሜ ሐይቅ ከተማ ወዳለችው እህቴ ቤት ይዤ ሄድኩና ማታ ስትራክቸሮቹን አንድ በአንድ በጣቴ እየተከተልኩ አየኋቸው። አራተኛው ኮምፓውንድ ላይ ሲያቀናብሩት ሰልፈሩን ኦክስጅን አድርገውት ነበር፣ ቲዮፌኑ ፉራን ሆኗል። በጠዋቱ ደሴ ተመልሼ ማስተካከያውን ላክሁ።